የማይጨፈርበት ጭፈራ

ፒያኖ የተማርኩት ወልድያ ነው ስል ሰው ይስቃል። አዲስ አበባ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት አብረውኝ የተመደቡት ልጆች «ወልድያ ደግሞ ምን ፒያኖ አለ?» እያሉ መሣቂያ አድርገውኝ ነበር። «አለ» እላቸዋለሁ፣ ኮስተር ብዬ። ዛሬ ቢጠይቁኝ «ነበር» ነው የምለው። አንድ ብቻ ነበር። በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ጥግ፣ ከተሰባበሩ ወንበሮች አጠገብ የቆመ፣ አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈ ፒያኖ። ማን እንዳመጣው እንኳ በደንብ የሚያውቅ የለም። አንዳንዱ ፈረንጅ አስተማሪ ትቶት ሄደ ይላል፣ ሌላው ደግሞ ይምልና ሌላ ታሪክ ያወራል። በጦርነቱ ጊዜ ከአዳራሹ መጋረጃው፣ አምፖሉ፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር ሲሄድ ፒያኖው የተረፈው ለመሸከም ስለከበደ ነው። ስንትና ስንት ጊዜ ስንገፋው ያማረርነውን ክብደቱን ያን ጊዜ አመሰገንኩት።

እኛ የመርሳ ሰዎች ነን። አባቴ ከመንገዱ በታች ማንጎና ብርቱካን፣ በጋ ላይ ደግሞ ሽንኩርት ያለማል። የመስኖ ውሃ በተራ ነው የሚደርሰው፤ የእኛ ተራ ቅዳሜ ነው። የእኔ የፒያኖ ትምህርትም ቅዳሜ ነበር። ውሃ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል። ለአፍታ ዞር ካሉ አንዱ መጥቶ ቦዩን ወደ ራሱ ማሳ ይቀለብሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሽማግሌ መሰብሰብ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ከውሃው ጋር ይቀራል፣ እናቴ ከእኔ ጋር ወልድያ ትወጣለች። በዚህ ዓይነት አባቴ ያን ሁሉ ዓመት ስጫወት አንድ ቀን እንኳ ሰምቶኝ አያውቅም።

ሚኒባሱ ውስጥ እናቴ የማንጎ ጆንያዋን እግሯ ሥር አድርጋ፣ ክንዴን ይዛ ነው የምትሄደው። ወልድያ ስንደርስ ማንጎዋን ገበያ አራግፋ ወደ አዳራሹ ትመጣና የመጨረሻው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። ባዶውን ጆንያ አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ ታደርገዋለች። አንዳንዴ ታንጎላጃለች። አስተማሪዬ ወንድ፣ እኔ ደግሞ ልጃገረድ ነበርኩና የምትመጣው ልትጠብቀኝ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ትንሽም ያናድደኝ ነበር። ስጨርስ ስለ ሙዚቃው አንድም ቃል አትናገርም። «ደከመሽ?» ብቻ ትለኛለች።

አስተማሪዬ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ከአዲስ አበባ ተመድበው መጥተው፣ ለአንድ ዓመት ብለው ብዙ ዓመት የቀሩ ሰው ናቸው። ልጅ ሳሉ ፒያኖ ተምረዋል፤ ከተማሩት ሁሉ ደግሞ የሚወዱት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የተጻፉ የአውሮፓ ጭፈራዎች። አራት ሆነው ነው ተከታትለው የሚመጡት፣ አራቱም ከአንድ ቅኝት ሳይወጡ። አልማንዱ ረጋ ብሎ ይራመዳል። ኩራንቱ ይሮጣል። ሳራባንዱ ከብዶና ዘግይቶ ይረግጣል። መጨረሻ ላይ ጂጉ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ይዘላል።

ችግሩ እነዚህ ጭፈራዎች ሲጻፉ የዛሬው ፒያኖ አልነበረም። የዚያን ጊዜው መሣሪያ ገመዱን እንደ ክራር ይነጥቃል እንጂ አይመታም። ድምፁ ቶሎ ይሞታል፤ ጣት ቢያከብዱበትም ቢያቀሉለትም ያው ነው። ፒያኖ ግን ይመታል። ይጮኻል፣ ያንሾካሹካል፣ ፔዳሉን ከረገጡለት ድምፁ አልሞትም ብሎ ድርቅ ይላል። ታዲያ ለዚያ የተጻፈውን በዚህ እንዴት ይጫወቱታል? ፒያኖው ያን አሮጌ መሣሪያ መስሎ ይታይ የሚሉ አሉ። አምላክ የሰጠውን ድምፅ ለምን ይሰስታል የሚሉም አሉ። በዚህ ነገር ትልልቅ ሰዎች ተኳርፈዋል።

መምህሬ ግን ክርክሩን በአጭሩ ነው የቆረጡት። «እግርሽን ፔዳል ላይ እንዳላየው! እግር ለጭፈራው ነው» ይላሉ። ከዚያ ከወንበሬ ያስነሡኝና አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ያስረግጡኛል። ለአልማንዱ መራመድ፣ ለሳራባንዱ ሁለተኛው ምት ላይ ቆም ብሎ መክበድ። ጂጉ ላይ ሲደርሱ ራሳቸው የሱሪያቸውን ጉልበት ይዘው፣ በዚያ ቀጭን እግራቸው እየዘለሉ ያሳዩኛል። ሰኞ ዕለት ያን የሚያህል ክፍል በአንድ ዓይናቸው ጸጥ የሚያደርጉት ሰውዬ! እኔ ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን እነክሳለሁ፤ እናቴ ከኋላ ሆና መሬት መሬት ታያለች።

እኔም ወደ ሙዚቃው ይዤው የገባሁት የራሴ ጣጣ ነበረኝ። እያንዳንዱ ጭፈራ ሁለት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱም ክፍል ሁለት ሁለት ጊዜ ይባላል። የመጀመሪያውን እንደተጻፈው፣ ሁለተኛውን አስውቦ ነው ደንቡ። በኋላ አዲስ አበባ ያገኘኋቸው ጓደኞቼ ይህን ማስዋብ እንደ ፈተና ይፈሩት ነበር። እኔ በበኩሌ ከማስዋብ መከልከል ነበር ያቃተኝ። በእኛ አገር አንድን ስንኝ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ የሚዘፍን ሰው አላውቅም። ገና ከመጀመሪያው ሐረግ ድምፁን እየሰበርኩ፣ መጨረሻው ላይ እየጎተትኩ፣ ያን የጀርመን አልማንድ ትዝታ አደርገዋለሁ። መምህሬ ጠረጴዛውን ይመታሉ። «አንቺ ልጅ፣ እንግዳው ገና ሳይቀመጥ ወጥ ታወጪለታለሽ!»

ኩራንቱ ግን የእኔ ነበር። ምቱ አንዴ በሁለት፣ አንዴ በሦስት ይከፈላል። ጓደኞቼ በእርሳስ እየቆጠሩ ሲያለቅሱበት ለእኔ የሠርግ ጭብጨባ ነው፤ መቁጠሩንም አላውቅበትም። ያስለቀሰኝ ሳራባንዱ ነው። ክብደቱ ሁለተኛው ምት ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ አንደኛውን ካልረገጥኩ ሁለተኛው አይመጣልኝም። ስንት ቅዳሜ እሱ ላይ እንደተቀመጥኩ! ከመስኮቱ ውጪ ባጃጆቹ ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፣ ልጆች ኳስ ይራገጣሉ፣ እኔ አንድ መስመር ላይ ተቸክዬ። ያኔ መከራ መስሎኝ ነበር። አሁን ከዚያ አንዷን ቅዳሜ የሚመልስልኝ ባገኝ የጠየቀኝን እሰጠው ነበር።

ተምሬ ስጨርስ ወደ ወልድያ ተመልሼ እዚያው ልጆች ማስተማር ጀመርኩ። መምህሬ ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ልጆቻቸው ጋ ገቡ። ፒያኖው ለእኔ ቀረ። እናቴ ደግሞ ልማዷን አልተወችም፤ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ጠባቂ በማያስፈልገኝ ዕድሜም ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። ለምን እንደምትመጣ ጠይቄያት አላውቅም። ኅዳር ላይ ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ አረፈች።

ሚያዝያ ላይ አዳራሹ ሊፈርስ መሆኑን ሰማን። ትምህርት ቤቱ ክረምት ላይ አፍርሶ ፎቅ መማሪያ ክፍል ሊሠራበት ነው። ማንንም ልቆጣ አልቻልኩም፤ ልጆቹ በፈረቃ ነው የሚማሩት። ፒያኖውን የሚያይልኝ ባለሙያ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ጀርባውን ከፍቶ ብዙ ካየ በኋላ የውስጥ ጣውላው መሰንጠቁን፣ ከቦታው ከተነሣም ከእንግዲህ ቅኝት እንደማይዝ ነገረኝ። እናም ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልጫወትበት ቀን ቆረጥኩ።

የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፦ አባቴ እንዲሰማኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዚያ ፒያኖ፣ ያን ሁሉ ቅዳሜ ውሃ እየጠበቀ ያስተማረኝን ነገር እንዲሰማ። እንቅፋቱ ግልጽ ነው። የእናቴ ሙት ዓመት የሚወጣው ኅዳር ነው፤ አዳራሹ ደግሞ እስከ ኅዳር አይጠብቀንም። አባቴ ጺሙን አሳድጎ፣ ጥቁር ለብሶ ተቀምጧል። ሬዲዮናችን እንኳ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ጨርቅ ለብሶ ዝም ብሏል። መርሳ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት። ሐዘንተኛ ዘፈን ያለበት ቦታ ከታየ «ድሮም ሚስቱ ከብዳው ኖሯል» ይባላል። አባቴ በሰው አፍ መግባትን ከበረዶ ይበልጥ የሚፈራ ሰው ነው።

አንድ እሑድ መርሳ ወርጄ ጠየቅሁት። ቤት ውስጥ አክስቴም ነበረች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከጉባ ላፍቶ ደጋ ወርዳ ወንድሟን የምታስታምመው እሷ ናት፤ የሐዘኑም ሕግ አስከባሪ እሷው ናት።

«አባዬ፣ ሰኔ ላይ ወልድያ ይመጡልኛል? አዳራሹ ሊፈርስ ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ልጫወትበት ነው» አልኩት።

እሱ አፉን ሳይከፍት አክስቴ ቀደመችው። «ምንድን ነው እሱ የምትጫወችው?»

የተማረ ሰው ጅል የሚሆነው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። «የድሮ የፈረንጅ ዜማ ነው» ብል ያልፍ ነበር። እኔ ግን በትክክል ልናገር ብዬ «አራት ጭፈራዎች ናቸው» አልኳት።

«ጭፈራ!» ብድግ አለች። «የእናትሽ አፈር ሳይደርቅ? ሙት ዓመቷ ሳይወጣ ወንድሜን ጭፈራ ልትወስጅው? ኧረ ምነው በሞቴ! ደጋ ቢሰማ ምን ይለናል?»

«አይጨፈርበትም እኮ እቴቴ። ስሙ ነው እንጂ ማንም አይጨፍርበትም። ሲጻፍም ለመስማት ነው የተጻፈው።»

«የማይጨፈርበት ጭፈራ ምን ይሠራል?»

አዲስ አበባ የመመረቂያ ፈተናዬ ላይ ሦስት መምህራን ተሰብስበው ይህንኑ ጥያቄ በረጅም ቃል ጠይቀውኝ፣ እኔም በረጅም ቃል መልሼ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። ለአክስቴ ግን ያ ረጅም ቃል አይሆናትም። አባቴ ጺሙን እያሻሸ ወለሉን ያያል።

ትንሽ ቆይታ ድምፅዋ ለዘብ አለ። የሆነው ሆኖ፣ ልጅ ነኝና አዘነችልኝ መሰለኝ። «ከአራቱ ለቅሶ የሚመስል የለበትም?» አለችኝ።

«አለ» አልኩ ሳራባንዱን አስቤ። «አንዱ ደግሞ ረጋ ያለ ነው።»

«እንግዲያው እነሱን ብቻ ካልሽ ይምጣ። የሚፈነጥዘው ይቅር። እኔም አብሬ እመጣለሁ፤ ጭፈራ ከጀመርሽ እጁን ይዤ ነው የምወጣ!»

አባቴ ቀና አለ። «እመጣለሁ» አለ።

ወልድያ ተመልሼ ለቅሶ ማዘጋጀት ያዝኩ። ሳራባንዱን አዘገየሁት፤ ከዚያ ይብስ አዘገየሁት። ፔዳሉን ረገጥኩ፣ ባሱን እንደ ነጋሪት አከበድኩ፣ ማስዋቢያዎቹን ሁሉ እንደ ሙሾ አወረድኩ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ራሴም አለቅስበት ነበር። ግን ውስጤ ስላልተረጋጋ ለመምህሬ ደወልኩና ሁለቱን ፈጣን ጭፈራዎች ልተው መሆኑን፣ ምክንያቱንም ነገርኳቸው።

«ሐዘን ሐዘን ነው፤ እኔ ምን አገባኝ፣ የፈለግሽውን ተዪ» አሉ። ቀጥለውም «ሳራባንዱን ግን ሬሳ አታድርጊው። የሚቆም ሰው ነው እንጂ የወደቀ ሰው አይደለም» አሉኝ። ከዚያ ስለ ጉልበታቸው ሕመም አወሩኝና ተሰነባበትን።

አልሰማኋቸውም። ለአባቴ ስል ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ሌላ ቀን አልነበረውም። የውሃ ተራችንን ጎረቤታችን ሐጂ ተረከቡ። «ሂዱ ብቻ፤ እኔ እያለሁ ኢንሻ አላህ ቦዩን የሚነካው የለም» ብለው አባቴን ሚኒባስ ላይ ያሳፈሩት እሳቸው ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ተማሪዎቼና ጥቂት መምህራን ነበሩ። አባቴ ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገቡ። ከፊት ወንበር ይዤላቸው ነበር።

«እናትሽ የት ነበር የምትቀመጠው?» አለኝ አባቴ።

አሳየሁት። ሄዶ እዚያ ተቀመጠ፤ አክስቴም አጠገቡ።

አልማንዱን ተጫወትኩ። ጣቴ ደህና ነበር። ኩራንቱን ዘለልኩና ወደ ሳራባንዱ ገባሁ፤ እንዳዘጋጀሁት፣ ዘግይቼ፣ ከብጄ፣ ሁሉን ነገር አፍስሼ። ከኋላ አክስቴ ስትንሰቀሰቅ ይሰማኛል። የተማሪዎቼ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። የመጨረሻው ድምፅ እስኪሞት ፔዳሉን ይዤ ጠበቅሁና እግሬን አነሣሁ። ጭብጨባ ሆነ። ዞር ብዬ እጅ ነሣሁ።

አክስቴ ዓይኗን እየጠረገች ተነሥታ ነበር። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ነፍስ ይማር ያሰኛል። በል ተነሣ፣ መኪናው ሳያመልጠን» አለችው።

አባቴ አልተነሣም።

«አላለቀም» አለ።

«አልቋል አባዬ» አልኩት ከፒያኖው አጠገብ።

«አላለቀም። የምትዘለው ቀርታለች።»

እንዴት እንዳወቀ ግራ ገባኝ። ያን ሁሉ ሰው ረስቼ በወንበሮቹ መሀል ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ደረቅ ነበር፤ ሳራባንዴ አላስለቀሰውም።

«ከወልድያ በተመለሳችሁ ቁጥር፣ አንቺ ጓደኛሽ ጋ ለጥናት ስትሄጅ፣ እናትሽ በሩን ገርበብ ታደርገዋለች» አለኝ ቀስ ብሎ። «‹ልጅህ ዛሬ ይችን ተጫወተች› ትለኛለች። በአፏ ታዜመዋለች፣ በእግሯ ትረግጠዋለች። ያ መምህርሽ እንዴት እንደሚዘል ቀሚሷን ሰብስባ ታሳየኛለች። ጭቃዬን እንኳ ሳልታጠብ አስቀምጣ ነው የምታሳየኝ። ባረፈችበት ዓመትም አልተወችውም፤ ጥቅምት ላይ እንኳ አሳይታኛለች። ሁሉንም ሰምቼዋለሁ ልጄ። በእሷ እግር ነው የሰማሁት። አሁን በአንቺ እጅ ልስማው ብዬ ነው የመጣሁት።»

እናቴ ስትዘፍን ሰምቼ፣ ትከሻዋን ስትነቀንቅ አይቼ አላውቅም። ለእኔ «ደከመሽ?» ብቻ ነበር ያላት። እዚያ ቆሜ ማዘን ብቻ ሳይሆን ቀናሁ፤ በአባቴ ቀናሁ። እኔ ቤት ሳልኖር የኔ ሙዚቃ ቤታችን ውስጥ ሲጨፈርበት ኖሯል።

አክስቴን አየኋት። ወንድሟን አየች፣ በሩን አየች፣ እኔን አየች። «እንግዲህ . . .» አለችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ተቀመጠች።

ተመልሼ ፒያኖው ፊት ተቀመጥኩ። ጂጉን አስቤበት ስላልነበር ካየሁት ወራት አልፎታል። ዝም ብዬ ጀመርኩት፤ የፈራ ሰው ደግሞ ይፈጥናል። ጣቶቼ ከእኔ ቀድመው በረሩ። የመጀመሪያውን ክፍል ጨርሼ ልደግመው ስመለስ፣ ከመጨረሻው ረድፍ የአባቴ ድምፅ ያን ሁሉ ሰው አልፎ መጣ።

«ቀስ በይ እንጂ» አለኝ። «እናትሽ አትደርስብሽም።»

ቀስ አልኩላት።